ጉዳቱ ወይስ ቀኑ? የአካል ጉዳት አበልን የሚወስነው ምንድን ነው?

በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው የሚሠራ ሰው አብዛኛው የሚኖረው በእጁ ነው፡፡ ከአደባባዩ ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ የእንጨት ሥራ፣ የመለዋወጫ መደብርና የጭነት ማራገፊያ ሁሉ ጤነኛ ክንድ፣ ጤነኛ ወገብና ጤነኛ ዓይን ይፈልጋል፡፡ ከዚያው ሳይርቅ ልደታ ፍርድ ቤት አለ፡፡ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በዚያው ክፍለ ከተማ ነው፡፡ ሠራተኛው፣ ሐኪሙና ዳኛው የሚቀራረቡበት ሰፈር ነው ማለት ይቻላል፡፡ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሠራተኛው ዳግመኛ መሥራት የማይችልበት ቀን ሲመጣ፡፡

በዚያ ቀን ቤተሰቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፡፡ «ከእንግዲህ ምን እንበላለን?» የሕጉ መልስ ግን ቀላል አይደለም፡፡ ሕጉ መልስ ከመስጠቱ በፊት የራሱን ጥያቄዎች ይጠይቃል፡፡ የት ተጎዳህ? ስንት ዓመት አገለገልክ? ዕድሜህ ስንት ነው? የመድን ውሉ በዚያ ቀን ይሠራ ነበር ወይ? በምን ዓይነት ደብዳቤ ከሥራ ተሰናበትክ? እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ በአገራችን የአካል ጉዳት አበልን በአብዛኛው የሚወስነው የጉዳቱ ክብደት ሳይሆን እነዚህ ቀኖችና የውል ቃላት መሆናቸውን ነው፡፡ እኩል የተጎዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ዕድሜ ልኩን አበል ሲቀበል፣ ሌላው አንድ ጊዜ ተከፍሎት ሊሸኝ ይችላል፡፡

ሦስቱ ኪሶች

ለተጎዳ ሠራተኛ ገንዘብ ሊወጣ የሚችለው ከሦስት ኪሶች ነው፡፡

የመጀመሪያው የአሠሪው ኪስ ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት 75 በመቶውን፣ ከዚያ ለሚቀጥሉት 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶውን እንዲያገኝ ያዛል፡፡ ሕመሙ ከሥራው ጋር ካልተያያዘ ግን የሕመም ፈቃዱ 6 ወር ብቻ ነው፤ አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ፣ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ፡፡

ሁለተኛው የጡረታ ፈንዱ ነው፡፡ የጡረታ ሕጋችን ዕድሜ የገፋ ሕግ ነው፡፡ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነበር፡፡ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጠብቀዋል፤ አዋጅ ቁጥር 715/2003 በር ከፈተላቸው፡፡ ዛሬ የሚሠራባቸው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ለመንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፡፡ የግል ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፡፡

ሦስተኛው የመድን ኩባንያው ኪስ ነው፡፡ የመድን ሥራ ለግል ኩባንያዎች በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ከተፈቀደ ወዲህ ኩባንያዎቹ በዝተዋል፤ የቡድን የአደጋ ዋስትና ለሠራተኞቻቸው የሚገዙ ድርጅቶችም አሉ፡፡

እነዚህ ሦስት ኪሶች አንዱ ባዶ ሲሆን ሌላው እየተካ ቢሄድ ኖሮ ችግር ባልነበረ፡፡ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን የየራሱ ነው፤ በመካከላቸውም ቀዳዳ አለ፡፡ ሰው የሚወድቀው በዚያ ቀዳዳ ነው፡፡

የት ተጎዳህ?

በሕግ ትምህርት ቤት ልማድ፣ አቶ ከበደና አቶ ጫላ የሚባሉ ሁለት ሰዎችን እናስብ፡፡ ሁለቱም የብረታ ብረት ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፡፡ ሁለቱም ላለፉት ሦስት ዓመታት በወር 20,000 ብር መደበኛ ደመወዝ ያገኛሉ፡፡ ሁለቱም ዕድሜያቸው 38፣ አገልግሎታቸው 12 ዓመት ነው፡፡ ሁለቱም የአከርካሪ ጉዳት ደርሶባቸው ከእንግዲህ መሥራት እንደማይችሉ የሕክምና ቦርድ አረጋግጧል፡፡ ልዩነታቸው አንድ ነው፡፡ አቶ ከበደ የወደቁት ከድርጅቱ ጣሪያ ላይ ነው፤ አቶ ጫላ የወደቁት እሑድ ቀን ከራሳቸው ቤት ጣሪያ ላይ ነው፡፡

አቶ ከበደ በሥራ ምክንያት ስለተጎዱ የጉዳት ጡረታ አበል ይገባቸዋል፡፡ ይህም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያገኙት ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ፣ ማለትም በወር 9,400 ብር ነው፡፡ ለዚህ አበል የተወሰነ የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፤ ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ ቢወድቁም ያው ነበር፡፡

አቶ ጫላ ደግሞ የሚያገኙት የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው፡፡ ይህ አበል የሚሰላው እንደ አገልግሎት ጡረታ ነው፡፡ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፡፡ ስለዚህ የአቶ ጫላ ድርሻ 32.5 በመቶ፣ ማለትም 6,500 ብር ነው፡፡ በአንድ ዓይነት አልጋ ላይ በተኙ ሁለት ሰዎች መካከል በየወሩ የ2,900 ብር ልዩነት ይኖራል ማለት ነው፡፡

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የተሻለ ካሳ ቢያገኝ ምክንያት አለው፡፡ አሠሪው በሠራተኛው ድካም ያተርፋል፤ አደጋውም የሥራው ነው፡፡ በዚህ አልከራከርም፡፡ የምከራከረው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፡፡

የአሥር ዓመቱ አጥር

አሁን አቶ ጫላ 12 ዓመት ሳይሆን 9 ዓመት ነበር ያገለገሉት እንበል፡፡ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የሚሰጠው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው፡፡ 9 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚያገኘው ዳረጎት ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ፡፡ ከዚያ በኋላ የወር አበል የለም፡፡

10 ዓመት ለእርጅና ጡረታ ምክንያታዊ ገደብ ሊሆን ይችላል፡፡ እርጅና ቀን ቆጥሮ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሰው ይዘጋጅበታል፡፡ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የመንገድ አደጋ ግን የአገልግሎት ዘመን ቆጥሮ አይመጣም፡፡ ሕጉ ለእርጅና የተሠራውን ልብስ ለሕመም አለበሰው፡፡ ውጤቱም የታወቀ ነው፡፡ ልጆቹ ገና ሕፃናት የሆኑ፣ የተቀመጠ ጥሪት የሌለው፣ ወደፊት ብዙ የሥራ ዓመታት የነበሩት ወጣት ሠራተኛ በትንሹ ይሸኛል፡፡ ከሁሉ ይልቅ የወር ገቢ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነበር፡፡

የተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሠራተኛ ሥራ እየቀያየረ የሚኖር መሆኑንም አንርሳ፡፡ አንዱ ዘንድ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ዘንድ ሦስት ዓመት፤ አንዱ አሠሪ መዋጮውን ሲያስገባ ሌላው ሳያስገባ፡፡ አዋጁ ቢያንስ ለ45 ቀናት የተቀጠረን ሰው ይሸፍናል፤ ስለዚህ በሕግ ደረጃ ከአጥሩ ውጭ መሆን ያለባቸው ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፡፡ በተግባር ግን ሠራተኛው 10 ዓመት ሠርቶ በመዝገቡ ላይ 6 ዓመት ብቻ ሊገኝለት ይችላል፡፡ ይህንን የሚያውቀው ደግሞ ታሞ ማመልከቻ ይዞ በሄደበት ቀን ነው፡፡

በጡረታ ሕጉ ያልተሸፈነ ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ የሚቀረው የአሠሪው ኪስ ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ እንዲከፈለው ያዛል፤ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በመጠኑ፡፡ የአምስት ዓመት ደመወዝ በአንድ ቀን ሲታይ ብዙ ነው፡፡ በ25 ዓመቱ ለተጎዳ ሰው ግን እስከ 60 ዓመቱ ያሉትን 35 ዓመታት መሸፈን አለበት፤ የኑሮ ውድነቱን ሳንጨምር፡፡

ቀኑ የቆመበት አበል

አሁን ወደ ጡረታ ዕድሜው እንምጣ፡፡ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፡፡ ከፍተኛው የአገልግሎት ጡረታ አበል የአማካይ ደመወዝ 70 በመቶ ነው፡፡ በቀመሩ መሠረት እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ሥራ ጀምሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ እስከ 60 ለደረሰ ሰው ማለት ነው፡፡

አቶ ጫላ ባይታመሙ ኖሮ እስከ 60 ዓመታቸው 34 ዓመት ያገለግሉ ነበር፡፡ በዚያ ጊዜ አበላቸው 60 በመቶ ይሆን ነበር፤ ዛሬ ባላቸው ደመወዝ እንኳ ብናሰላው 12,000 ብር፡፡ አሁን የሚያገኙት 6,500 ነው፡፡ በሕመም የጠፉት 22 ዓመታት በስሌቱ ውስጥ የሉም፡፡ አቶ ጫላ 60 ዓመት ሲሞላቸውም የሚለወጥ ነገር የለም፡፡ በ38 ዓመታቸው የተሰላው አበል የእርጅና ጡረታቸውም ነው፡፡ መንግሥት በየጊዜው ከሚያደርገው አጠቃላይ ማስተካከያ በቀር፣ ሰዓታቸው በወደቁበት ቀን ላይ ቆሟል፡፡

ቢሞቱም ነገሩ ይቀጥላል፡፡ የተተኪዎች አበል የሚሰላው ሟቹ ከሚያገኘው አበል ነው፤ ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፡፡ ስለዚህ የአቶ ጫላ ባለቤት 3,250 ብር፣ እያንዳንዱ ልጅ 1,300 ብር ያገኛሉ፡፡ የጠፉት 22 ዓመታት ለልጆችም ይተርፋሉ፡፡

በጉዳት ጡረታ ላይ ደግሞ ሌላ አስገራሚ መስመር አለ፡፡ የሠራተኛው የአገልግሎት ጡረታ አበል ከ47 በመቶው የሚበልጥ ከሆነ የሚከፈለው የሚበልጠው ነው፡፡ ይህ መቼ ይሆናል? 23 ዓመት ያገለገለ 46.25 በመቶ፣ 24 ዓመት ያገለገለ 47.5 በመቶ ይደርሰዋል፡፡ እንግዲህ 24 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከሥራ ጣሪያ ላይ ቢወድቅ በየወሩ የሚያገኘው አበል፣ ቤቱ ውስጥ ታሞ ቢሰናበት ከሚያገኘው ጋር አንድ ይሆናል፡፡ የጉዳት ካሳ የሚባለው ነገር ከዚያ ዓመት በኋላ በእርጅና ጡረታው ተውጧል ማለት ነው፡፡ አከርካሪውን የሰበረው አደጋ ለአበሉ አንድ ሳንቲም አልጨመረለትም፡፡

ተጎድቶም ሥራውን መቀጠል የሚችል ሠራተኛ ደግሞ፣ ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰ የጉዳት ዳረጎት ያገኛል፡፡ ስሌቱ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወራት፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል፡፡ 20,000 ብር የሚያገኝና 30 በመቶ የተጎዳ ሰው 169,200 ብር ይደርሰዋል፡፡ ልብ በሉ! 60 ወር የተባለው ለሁሉም ነው፡፡ የ25 ዓመት ወጣትና ለጡረታ አንድ ዓመት የቀረው የ59 ዓመት አዛውንት፣ ደመወዛቸውና ጉዳታቸው እኩል ከሆነ፣ እኩል ይከፈላቸዋል፡፡ አንደኛው ጉዳቱን ተሸክሞ የሚሠራው 35 ዓመት ነው፤ ሌላኛው አንድ ዓመት፡፡

ፖሊሲው የሚሞትበት ቀን

«ግድ የለም፣ መሥሪያ ቤታችን ኢንሹራንስ ገብቶልናል» የሚል ሠራተኛ ብዙ ነው፡፡ እስቲ ኢንሹራንሱ ምን እንደሆነ እንይ፡፡

በመጀመሪያ ማን ነው ዋስትና የተገባለት? የሠራተኞች ካሳ መድን የሚባለው ውል በመሠረቱ የሚጠብቀው አሠሪውን ነው፤ በሕግ ሊከፍል የሚገደደውን ካሳ ኩባንያው እንዲከፍልለት የሚያደርግ ነው፡፡ የቡድን የግል አደጋ ዋስትና ግን ለሠራተኛው አካልና ሕይወት የሚገባ ነው፡፡ ሁለቱ በአንድ ስም «ኢንሹራንስ» እየተባሉ ስለሚጠሩ ሠራተኛው የሌለውን ያለው ይመስለዋል፡፡

ሁለተኛ፣ «አደጋ» የሚለው ቃል ነው፡፡ የአደጋ ዋስትና በአብዛኛው የሚሸፍነው ከውጭ በድንገት የደረሰን ጉዳት ነው፡፡ ሕመም የለበትም፡፡ አቶ ጫላ ከጣሪያ በመውደቃቸው ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሽባ ቢሆኑ ግን አይሸፈኑም፡፡ ለቤተሰቡ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ «ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት» የሚለው ሐረግ ነው፡፡ ውሉ «የራሱን ሥራ መሥራት ካልቻለ» ይላል ወይስ «ማንኛውንም ሥራ መሥራት ካልቻለ»? አንድ ዓይኑን ያጣ በያጅ የመጀመሪያው ቃል ከተጻፈለት ሙሉ ጉዳተኛ ሊባል ይችላል፡፡ ሁለተኛው ከተጻፈበት ግን «ጥበቃ ሆነህ መሥራት ትችላለህ» ይባላል፡፡ በአንድ ቃል ልዩነት ሙሉው ገንዘብ ወደ ትንሽ መቶኛ ይወርዳል፡፡

አራተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፡፡ የቡድን ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ሠራተኛው በውሉ ውስጥ የሚቆየውም በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነው፡፡ ከሥራ በተሰናበተ ቀን ዋስትናው ያበቃል፡፡ የዕድሜ ጣሪያም አለበት፡፡ በዚያ ላይ በውሉ ዘመን የደረሰ አደጋ እንኳ ዘላቂ ጉዳት መሆኑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ12 ወር ውስጥ፣ እንዲታወቅ የሚጠይቁ ውሎች አሉ፡፡ ቀስ ብሎ የሚብስ የወገብ ጉዳት ያለበት ሰው ገና በሕክምና ላይ እያለ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል፡፡ ባጭሩ የጡረታው ፋይል በሚከፈትበት ቀን የመድኑ ፋይል ይዘጋል፡፡

ገንዘቡም ቢገኝ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፡፡ የዘላቂ ጉዳተኛውን ደመወዝ በየወሩ እየተካ እስከ ጡረታ ዕድሜው የሚያደርሰው የመድን ዓይነት በአገራችን ገበያ አልተለመደም፡፡ ከጡረታ በፊት ያለው ረጅሙ ዘመን ባለቤት የለውም፡፡

ሕጉ ግን ለሠራተኛው መሣሪያ ጭምር ሰጥቷል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍሉ፣ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላም፣ አልተሻረም፡፡ በዚያ ሕግ መሠረት የሰው ሕይወትና አካል ዋስትና እንደ ንብረት መድን ኪሳራን ብቻ የሚተካ አይደለም፤ የገንዘቡ መጠን ተዋዋዮቹ እንደተስማሙት ነው፡፡ ስለዚህ በመርህ ደረጃ ሠራተኛው የጡረታ አበል ስላገኘ ብቻ የአደጋ ዋስትናው ሊቀነስበት አይገባም፤ ውሉ ራሱ በግልጽ ካልተናገረ በቀር፡፡ ውሉ አሻሚ ከሆነም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 አንዱ ወገን ያቀረበው የውል ቃል በአቅራቢው ላይ እንዲተረጎም ይፈቅዳል፡፡ አቅራቢው ኩባንያው ነው፡፡ በመድን ውል ላይ የሚቀርብ ክስ ግን የሁለት ዓመት ይርጋ ስላለበት፣ «ጡረታዬ ካለቀልኝ በኋላ እጠይቃለሁ» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፡፡

አደገኛዋ ደብዳቤ

ከውል ቃላትና ከአዋጅ ቁጥሮች ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በአንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው፡፡ የታመመ ሠራተኛ የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ ሁለት ነገር ይገጥመዋል፡፡ አንድም «በሰላም እንለያይ» ይባላል፤ አንድም እሱ ራሱ አሠሪውን ላለማስቀየም፣ ወይም የሥራ ስንብት ክፍያውን ቶሎ ለማግኘት «በጤናዬ ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብሎ ይጽፋል፡፡

«በጤናዬ ምክንያት» የሚለውና «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ሕጉ የሚያነበው ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል፡፡ በጤና ጉድለት የተሰናበተ፣ በሕክምና ቦርድ ማስረጃ የተረጋገጠለትና 10 ዓመት ያገለገለ ሰው አበሉ ወዲያው ይጀምርለታል፡፡ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን፣ የአገልግሎት ዘመኑ ለጡረታ የሚያበቃው እንኳ ቢሆን፣ ለጡረታ የተቃረቡና ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሠራተኞች ከሚፈቀድላቸው ልዩ ሁኔታ በቀር፣ አበሉን የሚያየው 60 ዓመት ሲሞላው ነው፡፡ በ45 ዓመቱ ይህን ደብዳቤ የፈረመ ሰው 15 ዓመት በእጁ ጥሏል፡፡

የሕክምና ቦርዱም ጊዜ ይወስዳል፡፡ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ጊዜያዊ ክፍያ ቢበዛ በ12 ወር ያበቃል፤ የቦርዱ ውሳኔ ባይደርስም ያበቃል፡፡ ከዚያ እስከ መጀመሪያው የጡረታ አበል ድረስ ያሉት ወራት ቀደም ብዬ ያነሳሁት ቀዳዳ ናቸው፡፡ ብዙዎች በችኮላ ደብዳቤ የሚፈርሙት በእነዚህ ወራት ነው፡፡

ደግሞም ጡረታ የመጀመሪያ መፍትሔ መሆን አልነበረበትም፡፡ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው የሚመች እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል፡፡ እግሩን ያጣ ሠራተኛ ወደ ንብረት ክፍል ወይም ወደ ሒሳብ ሥራ ሊዛወር ሲችል በቀጥታ ወደ ቦርድ መላክ፣ ሠራተኛውንም የጡረታ ፈንዱንም ይጎዳል፡፡

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት?

በአሜሪካ ብዙ አሠሪዎች የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ዋስትና ለሠራተኞቻቸው ይገዛሉ፡፡ የተለመደው ውል 90 ወይም 180 ቀን ካስጠበቀ በኋላ ከደመወዝ 60 በመቶ ያህል በየወሩ ይከፍላል፡፡ እሱም የራሱ ወጥመድ አለው፡፡ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 24 ወራት «የራሱን ሥራ» የሚለው መለኪያ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ «ማንኛውንም ሥራ» ወደሚለው ይዞራል፡፡ ከመንግሥት የሚገኘው የአካል ጉዳት አበል ከመድኑ ላይ ይቀነሳል፡፡ ጡረታ ሲደርስም ክፍያው ይቆማል፡፡ የመንግሥቱ አበል ደግሞ ባለመብቱ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ወደ እርጅና ጡረታ ይዞራል፤ ይህም በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠርና ከዚያ ወዲህ ለተወለዱ 67 ዓመት ነው፡፡ በዋሽንግተንና በአካባቢው በራሳቸው ታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህ የአሠሪ ዋስትና እንደማያገኛቸው ቢያስቡበት መልካም ነው፡፡

እንከን ቢኖረውም የዚያ አሠራር ሐሳብ ግልጽ ነው፡፡ መድኑ ጉዳተኛውን እስከ ጡረታው በር ይሸኘዋል፤ ጡረታው ይቀበለዋል፡፡ ጀርመን በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ በወጣትነቱ መሥራት ላቃተው ሰው፣ እስከ ጡረታ ዕድሜ አቅራቢያ እንደሠራ ቆጥራ የጎደሉትን ዓመታት በስሌቱ ትጨምርለታለች፡፡ እኛ ዘንድ መድኑ በሩ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ጡረታውም የጎደለውን አይሞላም፡፡

ምን ይደረግ?

«ፈንዱ አይችልም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፡፡ 18 በመቶ መዋጮ የዛሬን ወጣት ነገ ጡረተኛ አድርጎ ማኖር አለበት፤ የሐሰት የሐኪም ወረቀት ይዞ በጊዜ ለመውጣት የሚሞክርም አይጠፋም፡፡ ሥጋቱ እውነት ነው፡፡ የሐሰት ወረቀት መድኃኒቱ ግን የሕክምና ቦርዱን ማጠናከር እንጂ እውነተኛውን ሕመምተኛ በ10 ዓመት አጥር መመለስ አይደለም፡፡ አጥሩ አጭበርባሪንና እውነተኛን አይለይም፤ የሚለየው 9 ዓመትና 10 ዓመት ያገለገለን ብቻ ነው፡፡

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል፡፡

አንደኛ፣ ለጤና ጉድለት የሚጠየቀው የአገልግሎት ዘመን ከእርጅናው ተለይቶ ዝቅ ይበል፡፡ ያ ባይሆን እንኳ ከ10 ዓመት በታች ላገለገለ በመጠኑ የወር አበል ይታሰብለት፡፡ ከጠፉት ዓመታትም ጥቂቱ ይቆጠርለት፡፡ ግማሹ ቢቆጠር እንኳ ለአቶ ጫላ 11 ዓመት ይጨመራል፤ አበላቸውም ከ6,500 ወደ 9,250 ብር ይወጣል፡፡

ሁለተኛ፣ የአሠሪው ጊዜያዊ ክፍያ ካለቀ በኋላ ቦርዱ እስኪወስን ድረስ፣ በኋላ ከአበሉ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ ከፈንዱ ይሰጥ፡፡ መዘግየቱ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም፡፡

ሦስተኛ፣ የመድን ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ከሚከፈለው ጎን በየወሩ እስከ 60 ዓመት የሚከፍል ዋስትና ያቅርቡ፡፡ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክም ቢያንስ የቡድን ውል ዋና ዋና ቃላት በአማርኛና ሠራተኛው በሚያውቃቸው ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፈው በእጁ እንዲደርሱ ያድርግ፡፡ ሰው በማያነበው ወረቀት መብቱን ያጣል ማለት ፍትሕ አይደለም፡፡

አራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት የኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ይህንንም ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፡፡ ሕጉ ከዝቅተኛው በላይ መስማማትን አይከለክልም፡፡ «ማንኛውንም ሥራ» የሚለውን «የራሱን ሥራ» በሚል ማስለወጥ አንድ ቃል ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ግን ያንን ቃል ተከትሎ ይሄዳል፡፡

ሕግ እስኪሻሻል ሠራተኛው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፡፡ መዋጮው በስሙ መግባቱን ሳይታመም ያረጋግጥ፡፡ የመድን ውሉን ቅጂ ይጠይቅ፡፡ አደጋ ሲደርስ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያስመዝግብ፡፡ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ሳይይዝ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይፈርም፡፡ በጡረታ ውሳኔው ቅር ከተሰኘም ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት የማለት መብት እንዳለው ይወቅ፡፡

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል፡፡ የአቅም ጉዳይ ይከራከሩበታል፤ የሐሳቡ ግን አያከራክርም፡፡ አበል የሚለካው ሰውየው ባጣው ነገር ይሁን፤ በወደቀበት ቀን መቁጠሪያ አይሁን፡፡

ቸር ይግጠመን!